ከአሥራ አራተኛዋ ወፍ በኋላ

ሜልበርን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ዲር ፓርክ ባለ አንድ መጋዘን ካርቶን ሳሽግ እውል ነበር። ሥራው ክፉ አልነበረም፤ ዓይኔ ግን ሥራ ፈትቶ ነበር። አገር ቤት ሳለሁ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ቆላው ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ስምንት ዓመት የወባ ደም አንብቤአለሁ። እኛ "ማንበብ" ነው የምንለው። የበሽተኛው ጣት ይወጋል፣ ጠብታው ስላይድ በምንለው መስታወት ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይጠጣል፣ ከዚያ እኔ በማይክሮስኮፕ አየውና አለ ወይም የለም እላለሁ። በወባ ወቅት ወረፋው ከግቢው አልፎ መንገድ ይደርስ ነበር። በእኔ ቃል ሰው መድኃኒት ተቀብሎ ይሄዳል ወይም ሌላ ምርመራ ይታዘዝለታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ዓይኑን ያምናል፤ ካላመነ ሥራውን ቶሎ ይለቃል።

ሴንት አልባንስ በምማርበት የእንግሊዝኛ ክፍል አስተማሪያችን ስለ ድሮ ሥራችን አንድ ገጽ ጻፉ አለችን። እኔም ስለ ወባ ስላይድ ጻፍኩ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና፣ "ይህን ለባለቤቴ ባሳየው ቅር ይልሻል?" አለችኝ። ስህተቱ በዝቶ ልታሳቅቀኝ መስሎኝ ደንገጥ አልኩ።

ባሏ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በትርፍ ጊዜያቸው የዱር ወፍ በመረብ እየያዙ፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት እያሰሩ መልቀቅ ነው ሥራቸው። በዚያ ዓመት አንዲት ወጣት ተመራማሪ በምዕራብ ሜልበርን ካሉት የዱር ወፎች ምን ያህሉ ደማቸው ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያን እንደሚሸከሙ ልታጠና ተነስታ ነበር፤ ወፎቹን የሚይዙላትም እሳቸው ናቸው። ስላይድ የሚያነብላት ሰው ሌላ ሥራ አግኝቶ ስለሄደ ተቸግራ ነበር። በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ።

ለኢንተርቪው ዩኒቨርሲቲዋ ድረስ ሄድኩ። ተመራማሪዋ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምታንስ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት ቀጭን ሴት ነበረች። ብዙም አልጠየቀችኝም። ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ ስላይድ አስቀመጠችና፣ "የምታዪውን ንገሪኝ" አለች።

ጎንበስ አልኩ። የሰው ቀይ የደም ሴል ክብ ነው፣ መሀሉም ባዶ ነው። ባዶ በመሆኑ ነው ወባው ከገባ ቶሎ የሚታየው። እዚህ ግን ሁሉም ሴል ሞላላ ሆኖ መሀሉ ላይ ሐምራዊ አስኳል ቁጭ ብሎበታል። በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ እንቁላል ከነአስኳሉ የተሰጣ ይመስል ነበር። ለአፍታ ሁሉም ታሟል ልል ምንም አልቀረኝም።

ቀና አልኩ። "ይሄ የሰው ደም አይደለም።"

"አዎ፣ የወፍ ነው።"

"እንግዲያው አላውቀውም። መጀመሪያ ጤነኛዋን አሳዪኝ፤ ከዚያ የታመመችውን እኔ አሳይሻለሁ።"

ሳቀች። ከእኔ በፊት የመጡት ሁለት ሰዎች ያንኑ ስላይድ አይተው በግምት መልሰውላት እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። የጤነኛዋን ወፍ ስላይድ አቀረበችልኝ። ደሟን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ሴል ውስጥ አስኳሉን ከጎን እንደ መቀነት የታጠቀ ሰማያዊ ነገር አገኘሁ። ላዩ ላይ ወርቃማና ጥቁር ፍንጣቂ ነበረበት። ፍንጣቂውን አወቅኩት። ወባም ደም በልቶ የሚተወው ትራፊ ያው ነው።

"ይሄ የወባ ዘመድ ነው" አልኳት።

"የአክስት ልጅ" አለችና በሚቀጥለው ሳምንት እንድጀምር ነገረችኝ።

የተቀጠርኩት ካዡዋል፣ በሠራሁት ሰዓት ልክ የሚከፈል ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን። የቀረውን ቀን መጋዘኑ ጋር ቀጠልኩ። አንባቢ ብቻ መሆን ግን አልፈለግኩም፤ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ማየት አለብኝ አልኩ። ስለዚህ ጸደይ ሲገባ ማለዳ ማለዳ ኮሮሮይት ክሪክ በሚባለው ጅረት ዳር ወዳለው ጥብቅ ቦታ ከአስተማሪዬ ባል፣ ከሽማግሌው ጋር መውረድ ጀመርኩ።

ያ ዘመን የድርቅ ዘመን ነበር። ሳርና አበባ ውኃ ማጠጣት በቀንና በሰዓት ተገድቦ፣ እኛም ገላችንን የታጠብንበትን ውኃ በባልዲ ይዘን ለጽጌረዳችን እንሰጥ ነበር። ጅረቱም ቦታ ቦታ ላይ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ነበር። ወፎቹ ወደነዚያው ኩሬዎች ይሰበሰባሉ። ሽማግሌው ገና ጎህ ሳይቀድ ከሸረሪት ድር የማይወፍር መረብ በሁለት እንጨት መሀል ይዘረጋሉ። ወፏ አታየውም፤ በርራ ትገባና ኪሱ ውስጥ ትወድቃለች።

ከዶሮ በቀር ወፍ ይዤ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው አንዲት ድንቢጥ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

"አንገቷን በሁለቱ ጣቶችሽ መሀል አድርጊ" አሉኝ። "ጀርባዋ መዳፍሽ ላይ ይረፍ። ደረቷን እንዳትጨብጪው፤ ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው። ከጨበጥሽው ትታፈናለች።"

ልቧ ጣቴ ላይ ይርገበገብ ነበር። ክንፏን ዘርግተው ከሥሩ ያለውን ላባ በአልኮል አርጥበው ገለጥ ሲያደርጉት ከክር የቀጠነ ሰማያዊ ደም ሥር ታየኝ። በቀጭን መርፌ ነካ አደረግኩት። አንድ ፍሬ ደም ወጣ። ግማሹን ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ የቀረውን ለዲኤንኤ ምርመራ አልኮል ያለበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ከተትኩ። ጥጥ ያዝንላት፣ ደሙ ቆመ፣ ለቀቅናት። ቁጥቋጦው ላይ አርፋ ተሳደበችን።

ሽማግሌውን በስማቸው ጥሪኝ ብለውኝ ነበር። አልቻልኩም። በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው በስሙ መጥራት አፌ እምቢ አለ። አንድ ቀን ሳላስበው "ጋሼ" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው?" አሉ።

"ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ አክብሮት አለበት።"

"ሚስቴ ትስማው" አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲደውሉ ራሳቸው "ጋሼ ነኝ" ይሉኝ ጀመር።

ስለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የሞገቱኝ ጎረቤታችን ናቸው። እትዬ የደሴ ሰው ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ከእኛ ቀጥሎ ካለው ቤት ይኖራሉ። አንድ ከሰዓት አጥር ላይ ተደግፈን ስናወራ ጠየቁኝ።

"ወፏ ወባ ካለባት መድኃኒት ትሰጧታላችሁ?"

"አይ እትዬ፣ እንለቃታለን።"

"ታዲያ ካላዳናችኋት ለምን ትወጓታላችሁ?"

አገር ቤት "አለ" ብዬ ስጽፍ ከእኔ ቀጥሎ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነበር። እዚህ "አለ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ወፏ ከነሕመሟ ትበራለች። ጥያቄው ሲያሳክከኝ ሰንብቶ ለጋሼ አቀረብኩላቸው።

መረቡን እየፈቱ፣ "ጅረቱን ታዪዋለሽ" አሉኝ። "አንድ ዓመት ወፎቹ ድንገት ቢያልቁ ሁሉም ሰው በሽታ ነው ይላል። በደኅናው ጊዜ ስንቱ ይሸከመው እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን ማን እውነቱን ይናገራል?"

ለእትዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። "እሱስ ልክ ነው" አሉ። "እኔም ስኳሬን የምለካው ሳይብስብኝ ነው።"

በዚያው ጸደይ ረመዳን ገባ። ለእኔ ተመቸኝ። ለሱሁር መነሳቴ ስለማይቀር በልቼ፣ ሰግጄ በቀጥታ ወደ ጅረቱ እሄድ ነበር። ጋሼ ቡናቸውን በእኔ ፊት ላለመጠጣት መኪናቸው ውስጥ ይደበቁ ነበር፤ ተዉ ብላቸውም አልሰሙኝም። ከሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ እቀመጣለሁ። ከቀን ቀን ደሙ እየተገለጠልኝ ሄደ። ሃኒኢተር የሚሏቸው፣ የአበባ ማር የሚቀስሙት ወፎች አብዛኞቹ ያንን ባለ መቀነቱን ይዘው ተገኙ። በድንቢጦቹ ደም ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አላይም። አንዴ በሴሎቹ መሀል ተጠማዝዞ የደረቀ ረጅም ትል አግኝቼ ከወንበሬ ተነስቼ ተመራማሪዋን ጠራኋት። ሁለታችንም እንደ ልጅ እየተቀማማን አየነው።

ጸደዩ ሊያልቅ ሲል፣ ረመዳን ገና ሳይወጣ፣ የዲኤንኤው ውጤት መጣ። ተመራማሪዋ የእኔንና የማሽኑን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠራችኝ። ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ማሽኑ ከእኔ ዓይን የበለጠ ማግኘቱ አያስደንቅም፤ ደሟ ውስጥ እጅግ ትንሽ ብቻ ካለ እኔ ላጣው እችላለሁ፣ እሱ ያገኘዋል። ያስቸገረው ተቃራኒው ነበር። እኔ "አለ" ያልኳቸው ጥቂት ወፎች ላይ ማሽኑ "የለም" ብሎ ነበር።

"የቀለም ዝቃጭ ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። "ወይም አቧራ። በማንም ላይ ይደርሳል።"

"አቧራ አስኳል አቅፎ አይተኛም" አልኳት። "ነይ እዪው።"

ስላይዱን አወጣሁ፤ ለማጉያው መስታወት ዘይት ጠብ አድርጌ ቦታውን አገኘሁላት። ጎንበስ ብላ ቆየች። ሌላውን አሳየኋት፤ ሦስተኛውንም። ቀና ስትል፣ "አለ" አለች። "በግልጽ አለ።"

"አለ።"

"እንግዲያው ናሙናውን የመረመሩት ሰዎች አቀያይረውታል። አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።" ምርመራው የሚሠራው ሌላ ቤተ ሙከራ ነበር።

ትክክል መሆኔ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ከመደወሏ በፊት ሁለቱን ዝርዝር ስጪኝ አልኳት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ወረድኩ። የማይስማሙት ሁሉ የአንድ ማለዳ ወፎች ናቸው። የዚያን ማለዳ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት ወፎች እንከን የላቸውም። ከአሥራ አራተኛዋ ጀምሮ ነው የሚዛባው። የማሽኑን ዝርዝር ከዚያ በታች አንድ መስመር ዝቅ አድርጌ ሳነበው ደግሞ ሁሉም ከእኔ ጋር ገጠመ።

ማለዳውን አስታወስኩት።

ስላይዱ ላይ ቁጥር የምጽፈው እዚያው፣ ወፏ እጄ ላይ እያለች ነው። ቱቦዎቹን ግን ጊዜ ለመቆጠብ ከዋዜማው ቁጥር ጽፌባቸው ነበር። ያን ዕለት አሥራ አራተኛዋ፣ ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ትንሽ ወፍ፣ ስላይዷን ቀብቼ ቱቦውን ሳነሳ ከእጄ አምልጣ በረረች። ጋሼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። አሥራ አራተኛው ቱቦ ባዶውን መቅረት ነበረበት። እኔ ግን የሚቀጥለዋን ወፍ ደም እሱ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ወፍ የቀደመቻትን ቱቦ ወረሰች። ሲያልቅ አንድ ባዶ ቱቦ ተረፈኝ፤ ትርፍ አዘጋጅቼ ነው ብዬ ጣልኩት።

ተመራማሪዋ ስልኩን አንስታለች። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። እዚያ ያሉት ሰዎች ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ነገሩ ያልቃል። ሐሳቡ መጣብኝ፤ አልመጣብኝም ብል ውሸት ነው። ግን ስምንት ዓመት ሰው በቃሌ መድኃኒት ሲውጥ ኖሯል። ዛሬ በወፍ ደም ልዋሽ?

"አትደውዪ" አልኳት። "ስህተቱ የእኔ ነው።"

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጾም ነው ብዬ አላመካኘሁም፤ ጾሙ ቱቦ አላቀያየረም። እሷ ስልኩን አስቀመጠች። ዝርዝሩን በጣቷ እንደገና ወረደችና፣ "ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ግን አንድ መስመር ዝቅ ስላለ ብቻ ገጠመ ብለን መጻፍ አንችልም" አለች።

"አንችልም" አልኳት። "ወፎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ቱቦው ውስጥ ያለው ደም የድንቢጥ ይሁን የሃኒኢተር ዲኤንኤው አይናገርም?"

እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘች። "ይናገራል" አለች። እኔ ባልኩት ከሄደ፣ በዝርዝሩ የድንቢጥ የተባለው አንዱ ቱቦ ውስጥ ያለው የሃኒኢተር ደም ነው፤ የነጭ ቀለበቷ ቱቦ ውስጥ ደግሞ የድንቢጥ። ማን ምን ሆኖ እንደሚመጣ አስቀድሜ በወረቀት ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት፤ እሷም ፖስታ ውስጥ አሸገችው። ቱቦዎቹ እንደገና ተላኩ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ነገር አያበዛም። አንድ ምሽት አፍጥረን ስናበቃ አንገቴን ደፍቼ ሲያየኝ፣ "ዓይንሽን ተጠራጠርሽ?" አለኝ።

"ዓይኔንስ አልተጠራጠርኩም። እጄን ነው።"

"እጅ ይስተካከላል" አለ። "እኔ ስንት ፍሬን ፈትቼ እንደገና ገጥሜአለሁ። አብሽሪ።"

ዒድ ካለፈ በኋላ ውጤቱ መጣ። ተመራማሪዋ ጋሼንም ጠርታ ፖስታውን በፊታችን ቀደደችው። አንድ በአንድ አነበበች። ድንቢጥ ያልኩት ድንቢጥ፣ ሃኒኢተር ያልኩት ሃኒኢተር ሆኖ ወጣ። አንዱም አልሳተም።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ "በዚያች ወፍ ስስቅ ነው ያዘናጋሁሽ" አሉ።

"እርስዎ አይደሉም ጋሼ፤ ቀድሜ መጻፌ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ደንቡን እኔው አወጣሁ፤ ቱቦ ላይ ቀድሞ የሚጻፍ ቁጥር የለም። ጋሼ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ እኔ እየደገምኩ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን መንገደኛ ሲሰማን ቢንጎ የሚሉትን የቁጥር ጨዋታ የምንጫወት መስሎት ቆሞ ያየን ነበር። ተመራማሪዋ ደግሞ በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ የዚያን ማለዳ ስህተትና እንዴት እንደታረመ ሳትደብቅ አሰፈረችው። ከስህተቱ በኋላ ሥራዬን ትቀንስብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ወደ አምስት ቀን አሳደገችልኝ። ለመጋዘኑ ሱፐርቫይዘር የመጨረሻ ሺፍቴን ስነግረው ወፍ ልቆጥር መሄዴን አላመነም።

ጥናቱ ሁለት ጸደይ ቀጠለ። ያወቅነው ነገር ሲጠቃለል ብዙ አያስደነግጥም። በዚያ ጅረት ዳር ጥገኛ መሸከም ለሃኒኢተሮቹ እንደ ተራ ነገር ነው፤ ይሸከሙታል፣ ይበራሉ፣ ጎጆ ይሠራሉ። ደሟ በጥገኛ ተሞልቶ ባየሁባት ወፍ አዝኜ ስለቃት ከሁሉም ፈጥና የምትወጣበት ቀን ነበር። አገር ቤት ወባ ያለበት ሰው ሁሉ ታሞ ነበር የሚመጣልኝ፤ ያልታመመው ስለማይመጣ ነው እንጂ እዚያም ተሸክሞ የሚያርስ እንደነበር የገባኝ ኮሮሮይት ዳር ነው።

በመጨረሻው ዓመት የወፍ ወዳጆች ማኅበር አባላት በአንድ አዳራሽ ውጤቱን እንድንነግራቸው ጠሩን። ተመራማሪዋ አጠቃላዩን ተናገረችና ስለ ስላይዶቹ እኔ እንድናገር ተራውን ለቀቀችልኝ። በእንግሊዝኛ፣ በሰው ፊት፣ ማይክሮፎን ይዤ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሻሼን አስተካክዬ ተነሳሁ። ባለ መቀነቱን ሴል ግድግዳው ላይ ትልቅ አድርገው ሲያሳዩት አዳራሹ "አሃ" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ለቀቀኝ።

ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰው እጃቸውን አነሱ። "ጥገኛ መሆኑን በምን ያህል እርግጠኛ ነሽ?" አሉ።

"አለ ስል አለ ነው" አልኳቸው። "የለም ስል ግን፣ መቶ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም ማለት ነው። ስሳሳት ደግሞ የተሳሳትኩበትን ማለዳ ጽሑፉ ውስጥ ያገኙታል።"

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ከፊት ረድፍ ከሚስታቸው፣ ከአስተማሪዬ ጋር ተቀምጠው ነበር፤ እሷ የተናገርኩት ውስጥ የግሥ ስህተት ስትፈልግ ቆይታ ሁለት ብቻ እንዳገኘች ሻይ ላይ ነገረችኝ። ባለቤቴ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ኖሯል። ከእንቁላል ሳንድዊቹ ሁለት በናፕኪን ጠቅልዬ ይዤለት ወጣሁ፤ እሱ መኪናውን አስነሳ፣ እየበላን ወደ ቤታችን፣ ወደ ሴንት አልባንስ ነዳን።